ቀዩን የሚሠራው ጣሳው ነው ወይስ ብሩሹ?

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ትንንሽ የጦር ሞዴሎችን መቀባት ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። አሁን 30 ወታደሮች ያሉበት ሳጥን ገዝቼ ሁሉንም ቀይ ላለብሳቸው ተነስቻለሁ። 6ቱን እንደለመድኩት ጥቁር ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጨውን መነሻ ቀለም) ረጨሁና ቀዩን በብሩሽ ጀመርኩ። አንድ እጅ ቀባሁ፣ ምንም የለም። ሁለተኛ እጅ ስቀባ ቡኒ የሆነ ነገር መጣ። አምስተኛው ላይ ቀይ የሚባል ነገር ብቅ አለ፤ ግን የደረታቸው ጌጥና የፊታቸው መስመር በቀለም ተደፍኖ ጠፋ። አንዱ ጓደኛዬ ቀይ ስፕሬይ ግዛና ተገላገል ይለኛል። ሌላው ነጭ ካልረጨህ ቀይ አታይም ይላል። ሦስተኛው ሮዝ ግዛ ሲለኝ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሮዝ ፕራይመር መኖሩን በዓይኔ አየሁ። ቀይ ቡኒም አለ። ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን ልግዛ? የምፈልገው ደማቅ ሆኖ የቁም ነገር የሚመስል ቀይ ነው፤ የልጆች መጫወቻ እንዲመስልብኝ አልፈልግም። የተበላሹትን 6ቱንስ ምን ላድርጋቸው? ቀይ የከዳኝ ነኝ።»

ወንድሜ ቀይ የከዳህ፣

ሦስቱም ጓደኞችህ ልክ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን የመለሱልህ ሌላ ሌላ ጥያቄ ነው። የስፕሬይ ጣሳ ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ለራስህ መልስ፦ በመጨረሻ ዓይን የሚያየውን ቀይ የሚሠራው ማን ነው፣ ጣሳው ወይስ ብሩሽህ? ጣሳው ከሆነ ቀይ ግዛ፣ ያውም ከምትመኘው ቀይ ጠቆር ያለውን። ብሩሽህ ከሆነ ደግሞ ቀይ ጣሳ ምንም አይሠራልህም፤ ያኔ ከቀይ የነጣ፣ ማለትም ሮዝ ነው የሚያስፈልግህ። ለ30 ወታደር እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

መጀመሪያ ቀዩ የከዳህ በእጅህ ጥፋት አይደለም፤ ባሕርዩ ነው። ቀይ ከሚሰጡት ፒግመንቶች፣ ማለትም ቀለም ሰጪ ብናኞች፣ ደምቀውም ሸፍነውም የሚገኙት ጥቂት ናቸው። ካድሚየም ቀይ ይደምቃል፣ ይሸፍናልም፤ ግን ካድሚየም መርዛማ ብረት ስለሆነ የሞዴል ቀለም አምራቾች በአብዛኛው ይሸሹታል። አይረን ኦክሳይድ፣ ማለትም ዝገት፣ ከሁሉም በላይ ይሸፍናል፤ የሚሰጥህ ግን የጡብና የቀይ አፈር መልክ ነው። የሚያበራውን ቀይ የሚሰጡት እንደ ናፍቶልና ኩዊናክሪዶን ያሉ ኦርጋኒክ ፒግመንቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ብርሃን ያሳልፋሉ። ብርሃኑ ቀዩን አልፎ ሥሩ ባለው ቀለም ላይ ያርፍና ከዚያ ተመልሶ ነው ዓይንህ ጋ የሚደርሰው። ቀይ ብርጭቆ ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጥ ጥቁር መስሎ ይቀራል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ብታደርገው ይበራል። የአንተም ወታደሮች የሆኑት ይኸው ነው። ጥቁሩ ፕራይመር የደረሰውን ብርሃን ውጦ አስቀረው፤ ከቀዩ ተርፎ የታየህ ያ የደረቀ ደም የሚመስለው ቡኒ ብቻ ነው። አምስት እጅ እስክትቀባ የጠበቅከውም ብርሃኑ ጥቁሩ ጋ ሳይደርስ ቀዩ ውስጥ እንዲመለስ ነበር።

ጥቁር ለቀይ ጨርሶ አይሆንም ማለቴ ግን አይደለም። ብሩሽህ ያልደረሰበት ጥግ ጥቁር ሆኖ ቢቀር ጥላ ይመስላል፣ ማንም ስህተት አይለውም። በተለይ በጣም ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያዘነብል ቀይ ለሚፈልግ ሰው ጥቁር ብዙ ሥራ ይቀንስለታል። አንተ የምትፈልገው ግን ደማቅ ነው። ስለዚህ ይቅርብህ።

ነጩን የመከረህ ጓደኛህ ብርሃኑ ላይ ተሳክቶለታል። በነጭ ላይ አንድ እጅ ቀይ ከየትኛውም በላይ ይደምቃል። ጣጣው ቀዩ የትም ቦታ እኩል ውፍረት ኖሮት አለመተኛቱ ነው። ብሩሽ በጠርዝ ላይ ሲያልፍ ቀለሙን ይገፋዋል፤ ቀለሙ ወደ ስርጉዱ ይወርዳል፣ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ስስ ይሆናል። በነጭ ላይ ሲሆን ያ ስስ ቦታ ሮዝ ጭረት ሆኖ ይታያል፣ ስርጉዱ ደግሞ ቀይ ይሆናል፤ ልብሱ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል። ብሩሽ ያልነካው ጥግ ደግሞ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይጠራሃል። ትዕግሥት ላለው፣ አንድ ሁለት ሞዴል ብቻ ለሚቀባ፣ ወይም ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ መሣሪያ) ላለው ሰው ጥሩ ነው። ለ30 ግን አልመክርም።

ሮዙ ቀልድ አይደለም። እንዲያውም ከሦስቱ ጓደኞችህ ብልሁ ይሄኛው ነው ብል አላጋነንኩም። የሞዴል አምራቹ ታሚያ ፋይን ሰርፌስ ፕራይመር ከሚባለው ስፕሬዩ ውስጥ ሮዝ ያወጣው እንደ ቀይና ቢጫ ላሉ የመሸፈን አቅማቸው ደካማ ለሆኑ ቀለሞች ብሎ ነው። ሮዝ ብርሃኑን ይመልሳል፣ በተለይ የቀዩን ወገን ብርሃን ነጭ የሚመልሰውን ያህል ሊመልስ ይቀርባል፤ በዚያ ላይ ከቀይ ጋር ዘመድ ስለሆነ ስስ የሆነው ቦታ አያሳብቅም። ጠርዙ ላይ ቀዩ ቢሳሳ ሥሩ ያለው ሮዝ ትንሽ የደመቀ ቀይ መስሎ ያልፋል። በጥቁር ላይ አምስት እጅ የጠየቀህ ቀይ በሮዝ ላይ በሁለት ስስ እጅ ያልቃል። ሮዝ ጣሳ ባታገኝ ብዙም አትዘን፤ ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ፕራይመር ረጭተህ፣ ቀይ ልታደርገው ያሰብከውን ቦታ ብቻ ቀይና ነጭ በጥብጠህ ባወጣኸው ሮዝ በብሩሽ ትቀባለህ። ነጭ ቀለም የተቀላቀለበት ቀይ በደንብ ይሸፍናል፤ ሸፋኙ ነጩ ነው።

ቢጫም ከሥር የሚረጩ አሉ። ከሮዝ የሚለየው ቀዩን ወደ እሳት መልክ፣ ወደ ብርቱካናማው ወገን ስለሚስበው ነው። ለዘንዶ ክንፍ ያምራል። ለወታደር ልብስ አይመስለኝም።

ቀይ ቡኒው ኦክሳይድ ሬድ የሚባለው ነው፤ ብረት ሠሪዎች በር ላይ የሚቀቡትን አንቲረስት ካየህ መልኩን ታውቀዋለህ። ታሚያም አለው፣ ሚስተር ሰርፌሰር የሚባለው ሌላ የፕራይመር ዓይነትም አለው። ቀለም አምራቹ ቫዬሆ ደግሞ ጀርመን ሬድ ብራውን ብሎ የሚሸጠው በብሩሽና በኤርብራሽ የሚቀባ ፕራይመር አለ፤ ለታንክ ሠሪዎች ታስቦ የወጣ ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንኮች ከላይ ካለው ቀለም ሥር የነበራቸውን የፋብሪካ ፕራይመር ለማሳየት። ለእኛ የሚጠቅመን ግን አይረን ኦክሳይዱ ነው፦ በአንድ ስስ እጅ ፕላስቲኩን ይሸፍናል፣ ቀይ በላዩ ሲያርፍ አይገረጣም፣ ብሩሽ ያልደረሰበት ጥግም ሞቅ ያለ ጥላ ሆኖ ይቀራል። የምትከፍለው ድምቀቱን ነው። ከላይ የሚሄደው ቀይ የቱንም ያህል ደማቅ ቢሆን ትንሽ ይከብዳል፣ ወደ ያረጀ ቆዳና ወደ ጡብ መልክ ይጠጋል። ጠቆር ያለ የጥንት ወታደር ቀይ ለሚፈልግ ሰው ከጥቁርም ከነጭም አስቀድሜ ይህን እሰጠዋለሁ።

አሁን ወደ ቀዩ ጣሳ። ለብዙ ወታደር የመረጥኩት ሥራ ስለሚቀንስ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የቀባኸውና መጨረሻ የቀባኸው ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ሠራዊት ይመስላሉ። በብሩሽ ብትቀባቸው በየቀኑ ቀለሙን የምታቀጥንበት ውሃ ትንሽ ይለያያል፣ እጅህም ይለያያል፤ ልዩነቱ ደግሞ ሁሉም ተሰልፈው ሲቆሙ ነው የሚጋለጠው።

ታዲያ ሰው ቀይ ጣሳ ሲመርጥ ዓይኑ የሚሄደው ደማቁ ላይ ነው። እኔ አንድ ደረጃ ጠቆር ያለውን ውሰድ እላለሁ። ስፕሬይ ጉብታውንም ስርጉዱንም ሳይለይ ነው የሚቀባው። ስርጉድ ውስጥ የሚቀረው ቀይ እንደ ጥላ እንዲያገለግልህ ጠቆር ማለት አለበት። ደማቁን ቀይ ኋላ በብሩሽ የምታመጣው ብርሃን የሚያርፍበት ትከሻ፣ ጉልበትና የጨርቅ እጥፋት ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ቀይ በቀይ ላይ ስለሆነ አንድ ስስ እጅ ይበቃዋል። በደማቁ ጀምረህ ጥላውን በብሩሽ ላውርድ ካልክ ግን ቀኑን ሙሉ ስርጉድ ስታሳድድ ትውላለህ።

በተግባር እንዲህ ነው። ሲታዴል የሚባለው የሞዴል ቀለም አምራች በ2012 ቀለሞቹን እንደ አዲስ ሲያወጣ ሜፊስተን ሬድ የሚባል መሠረት ቀለም አመጣ፤ በዚሁ ስም ስፕሬይም አለው። መሃከለኛ፣ ትንሽ ጠቆር የሚል ቀይ ነው። ከእሱ በላይ ኢቭል ሰንዝ ስካርሌትን በጉብታው ላይ፣ ከዚያ ዋይልድ ራይደር ሬድን ጠርዝ ላይ ብቻ ብታስከትል የፈለግከው ደማቅ ቀይ ይመጣል። ሌላው አምራች አርሚ ፔይንተርም ድራጎን ሬድና ፒዩር ሬድ የሚሉ ቀይ ፕራይመሮች አሉት፤ ጠቆር ያለው ድራጎን ሬድ ነው፣ እኔም ብሆን እሱን ነው የማነሳው። የሌላ አምራች ጣሳ ካገኘህ ስሙን ተወው፤ ክዳኑንም ብዙ አትመን፣ የክዳን ቀለም ውስጥ ካለው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

ከመግዛትህ በፊት ጣሳው ላይ ፕራይመር የሚል ቃል መኖሩን አንብብ። ቀይ ስፕሬይ ሁሉ ፕራይመር አይደለም። ፕራይመር የሚሠራው የሞዴሉን ገጽ መንከስና ለሚቀጥለው ቀለም ማረፊያ መስጠት ነው፤ ተራ ቀለም ፕላስቲክ ላይ ሊይዝ ይችላል፣ ብረትና ሬዚን (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚደርቅ ሙጫ መሰል ነገር) ላይ ግን ጥፍር ሲነካው ይላጣል። ተራ ቀይ ስፕሬይ ብቻ ካለህ አስቀድመህ ስስ ግራጫ ፕራይመር ርጭ፤ ሁለት ስስ ንብርብር ዝርዝሩን አይደፍንም። ለቤትና ለመኪና የሚሸጡ አንጸባራቂ ቀይ ስፕሬዮችን ግን ተዋቸው። ወፍራም ናቸው፤ ውሃ ነክ የሆነው አክሪሊክህም በሚያንጸባርቅ ገጽ ላይ ሲያርፍ ይሸሻል እንጂ አይቀመጥም። የመኪናው ፊለር ፕራይመር ደግሞ ጭረት ለመሙላት ተብሎ የተሠራ ነው፤ የፊት መስመርና ጭረት ለእሱ አንድ ናቸው። አንተ የምትፈልገው ማት፣ ማለትም የማያንጸባርቅ የሆነውን፣ ለሞዴል የተሠራውን ነው።

ሌላም አስብ፦ ከወታደሩ አካል ስንት እጁ ነው ቀይ? ልብሱም ጋሻውም የራስ ቁሩም ቀይ ከሆነ ቀይ ጣሳ ያዋጣል። ቀዩ ካባው ብቻ ከሆነ ግን ሁሉንም ቀይ ረጭተህ የተረፈውን በሌላ ቀለም ስትሸፍን ልትውል ነው፤ በዚህ ጊዜ ግራጫ ርጭና ካባውን ብቻ ሮዝ ቀብተህ ቀይ አድርገው። በቀይ ላይ ከሁሉም የሚያስቸግሩህ ነጭና ቢጫ ናቸው። ነጭ በቀይ ላይ ሮዝ ይሆናል፣ ቢጫ ብርቱካናማ ይሆናል። ነጭ መስመር ወይም ቢጫ ጌጥ ያለበትን ቦታ መጀመሪያ በግራጫ ወይም በሥጋ መልክ ቀለም አንድ እጅ ቀባው፣ ከዚያ ቀጥል። ሰይፍና ብረት ነገር ከብርማ ቀለም በፊት አንድ እጅ ጥቁር ይፈልጋል። ፊትና እጅ ግን ከቀዩ የሚተርፈው ሙቀት ያምርባቸዋል፤ እዚያ ላይ አትጨነቅ።

በኮንትራስት ቀለም ልትቀባ አስበህ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ሲታዴል በ2019 ኮንትራስትን ሲያወጣ አብረው የወጡት ሬይዝቦንና ግሬይ ሲር የሚባሉ የነጡ ስፕሬዮች ናቸው፤ ቀለሙ ራሱ ሆን ተብሎ ብርሃን እንዲያሳልፍ ስለተሠራ ከሥሩ የነጣ ነገር ያስፈልገዋል። ቀዩ እንዲሞቅ ከፈለግክ ወደ ክሬም የሚያደላው ሬይዝቦን ይሻላል። ቀይ ፕራይመር ላይ ቀይ ኮንትራስት መቀባት ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ ስርጉዱ ይጠቁራል፣ ጉብታው እንዳለ ይቀራል።

በብሩሽ የምትቀባውን የጠርሙስ ቀይ በጣሳህ ርጭት ላይ ሳትሞክር 24ቱን አትርጭ። ሞዴሎቹ ተያይዘው የመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም አለህ አይደል፣ አትጣለው። ረዘም ያለ ቁራጭ ውሰድና በአራት ክፈለው፤ በእጅህ ያሉትን ፕራይመሮች፣ ጥቁሩንም ጨምር፣ በየክፍሉ ርጭ። ሲደርቅ የምትወደውን ቀይ በአንድ እጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳብ። ይድረቅ። ከዚያ የእያንዳንዱን ክፍል ግማሽ ብቻ ሁለተኛ እጅ ቀባው። አሁን በአንድ ዘንግ ላይ ስምንት ቀይ አለህ፤ የራስህ ቀለም፣ የራስህ ብሩሽ፣ የራስህ ውሃ። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን እየው፤ ቢጫ አምፑል ሥር ቀይ ሁሉ ያምራል። በቀን ብርሃን በአንድ እጅ ልብህን የሞላው የትኛው ክፍል ነው? በዚያ ጣሳ ቀጥል። እኔ እዚህ ከጻፍኩት ሁሉ ያ ዘንግ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቀይ የሚባለው ቀለም ከአምራች አምራች የመሸፈን አቅሙ በጣም ይለያያል። ቀይ ጣሳ ከገዛህም ከደረቀው ርጭት ላይ ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ አሳርፍ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም ጠብታው ሲደርቅ ነቁጥ ሆኖ ከታየ፣ ኋላ የተቧጨረ ቦታ ልትጠግን ስትል እንደዚያው ይታይሃል።

ርጭቱን ባጭሩ። ሞዴሎቹን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እጠባቸው፣ በደንብ ይድረቁ፤ በተለይ ሬዚን ከሆኑ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት አለባቸው። ጣሳውን ኳሷ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ነቅንቀው፤ ቀይ ጣሳ ሳይነቀነቅ ሲቀር ቀለሙ ከሥር ቀርቶ ቀይ ውሃ ነው የሚወጣው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ፤ አፉን ከሞዴሉ ውጭ ከፍተህ አልፈኸው ከሄድክ በኋላ ዝጋ። የመጀመሪያው ማለፍ ላይ እጥፋቱ መሃል ግራጫው ፕላስቲክ ይታይሃል፣ ጉብታው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ብቻ ይኖራል። እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው የሚበላሸው። ቀዩ ሳይሸፍን ሲያይ ጣቱን ሳያነሳ ያዘንብበታል፤ ቀለሙ አገጭ ሥርና ብብት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያ ደግሞ አይነሳም። አንተ ጣትህን አንሳ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ከሌላ አቅጣጫ እለፍ፣ ቀጥሎ ከሥር። ቀይ ጣሳ ከጥቁሩ አንድ ማለፍ ይበልጣል፣ ያው ፒግመንቱ ነው።

አየሩን አትናቀው። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው፣ ዝናብና ጭጋግ በሌለበት ቀን ውጭ ወጥተህ ርጭ። በጣም ሲሞቅ ወይም ከሩቅ ስትረጭ ቀለሙ ሞዴሉ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና አሸዋ ይመስላል፤ እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ገጹ ይገረጣል፣ በቀይ ላይ ይህ ወዲያው ይታወቃል። ማስክ አድርግ፣ እሳትና ሲጋራ አጠገብህ አይኑር። በቃ።

የልጆች መጫወቻ እንዳይመስል ያልከው አሳስቦኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ለዚህ ብሎ ቀዩን ማጥቆር ይጀምራል። መጫወቻ የሚያስመስለው የቀዩ መድመቅ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መሆኑና ማንጸባረቁ ነው። ስለዚህ ቀዩ ከደረቀ በኋላ ስርጉዱ ውስጥ ቀጠን ያለ የጥላ ቀለም አፍስስ። ከሲታዴል የጥላ ቀለሞች ካሮበርግ ክሪምሰን ወደ ወይን ጠጅ ስለሚያደላ ቀዩን ሳይገድል ያጠልቀዋል፤ አግራክስ ኧርዝሼድ ቡኒ ስለሆነ ያገለገለ ልብስ ያስመስላል። ጥቁሩ ኑልን ኦይል ግን ቀዩ ላይ ሁሉ ከተለቀለቀ አመድ የነካው ያደርገዋል፣ መገጣጠሚያ መስመር ላይ ብቻ ወስነው። ጠርዝ ልታደምቅ ስትል ቀይህ ውስጥ ነጭ አትጨምር፣ ሮዝ ይሆንብሃል፤ ብርቱካናማ ጨምር። መጨረሻ ላይ ማት ቫርኒሽ (የማያንጸባርቅ መከላከያ ሽፋን) ስትረጭ መጫወቻነቱ ይጠፋል።

አሁን 6ቱ። ዝርዝራቸው የተደፈነውን በላያቸው የምትቀባው ምንም ነገር አያድናቸውም፤ ቀለሙን ማንሳት ነው። ፕላስቲክ ከሆኑ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ዘፍዝፋቸው፤ አክሪሊኩ ሲለሰልስ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ፈትጋቸው። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት። አሴቶን ግን እንዳታስነካቸው፣ ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጠዋል። ሬዚን የሆነ ካለ አልኮሉን በማይታይ ቦታ ላይ ሞክረህ እየው እንጂ አትዘፍዝፈው። ጥቁሩ ፕራይመር ጥግ ጥጉ ላይ ቢቀር ምንም አይደለም፣ ፕላስቲኩን አለስልሶ የያዘ ስለሆነ ሁሉም አይነሳም፤ መስመሩ እስከታየ ድረስ ይበቃሃል።

ከ6ቱ መሃል ቀለሙ ገና ያልወፈረበት፣ ጥቁሩ ላይ አንድ ሁለት እጅ ብቻ ያረፈበት ካለ ግን አታጥበው። ጥቁሩን ጥላ አድርገህ ተጠቀምበት። ሮዝ ወይም ነጭ ጣሳ ይዘህ ከራሱ በላይ አንድ ጊዜ ብቻ ርጭ፣ ብርሃን ከሚመጣበት አቅጣጫ። የትከሻው አናት ይነጣል፣ ብብቱና የካባው ሥር ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በላዩ ሁለት ስስ እጅ ቀይ ስትስብበት ቀዩ ላይ ላዩ በርቶ ታች ታቹ ይጠቁራል፤ ይህን ዘዴ ዜኒታል ይሉታል። ከሌሎቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም፣ ይልቅ ይበልጣቸዋል፤ ስለዚህ እሱን የጦሩ አዛዥ አድርገውና ፊት አቁመው። 24ቱን በጠቆረው ቀይ ጣሳ፣ ከዘንግህ ሙከራ በኋላ፣ ስምንት ስምንት እያደረግክ ርጫቸው። ሲያልቅ ጣሳውን ገልብጠህ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ተጫነው፤ አለበለዚያ አፉ ውስጥ የደረቀው ቀለም ለሚቀጥለው ጊዜ ጠብታ ይተፋብሃል።